አበልጆች ሲጫወቱ ማንም አይወራረድም

ማኒላ፣ ጁን 10

ኔመሲዮ፣

ሰላምታውን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ፤ ጽፌ ስጨርስ የተረፈ ካለ ታገኘዋለህ።

በሮዌና በኩል «እትዬ ተቆጥታለች እንዴ?» ብለህ ማስጠየቅህ ደርሶኛል። ሚስትህን አትላክ። ሰው ሁሉ እየደወለ ይሰድበኛል ብለህ ሲም ካርዱን አውጥተህ መጣልህንም ነግራኛለች። እኔስ የሚሰድቡኝን በየት በኩል አውጥቼ ልጣላቸው? እዚሁ ቢሮዬ በር ላይ ቆመዋል። ስለዚህ በወረቀት እንነጋገር፤ ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም።

አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። ቃሉ ራሱ አነሰኝ።

ምን እንዳደረግህ ገና የገባህ አልመሰለኝም፤ እኔ ከቆምኩበት ሆኜ ልንገርህ። ወንድሜ ስለሆንክ ፍጻሜውን ራሴው ጠይቄ ለሌላ ዳኛ ሰጥቻለሁ። ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ። አንተና ዱሎ፣ አንድ ፑል ቤት ያሳደጋችሁ ሁለት የኢሊጋን ልጆች፣ በአገሪቱ ትልቁ የዘጠኝ ኳስ ፑል ውድድር ፍጻሜ ላይ! በልቤ እልል እያልኩ ነበር። ፊት ረድፍ ላይ የውጭው የውርርድ ድርጅት ሰዎች ተቀምጠዋል። ፑል በሕግ የሚወራረዱበት ስፖርት ይሁን፣ እንደ ቦክሱ ገንዘብ ይግባበት፣ ተጫዋቹ ከሰፈር ቁማርተኛ ኪስ ይውጣ እያልኩ ለዓመታት ደጅ የጠናኋቸው ሰዎች ናቸው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝቡ በእናንተ ጨዋታ ላይ ፊት ለፊት፣ ሳይደበቅ ተወራረደ። አሸነፍክ። ዋንጫውን ሰጡህ። ማይክራፎኑን ሰጡህ። ምነው ማይክራፎኑን ባይሰጡህ!

«የኢሊጋን ሰዎች፣ ለዱሎ እንዳታዝኑለት» አልክ። «አበልጄ ነው። ልጁን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ሽልማቱን ጠዋት ቁርስ ላይ እኩል ተካፍለነዋል፤ ማንም ቢያሸንፍ የማንም ቤት ጦሙን አያድርም።» ብለህም ሳቅክ። ከዚያ ደግሞ ያሸነፈ ሰው ለተመልካች ሳይበትን አይወጣም ብለህ፣ እንደ ሰፈራችን ወግ፣ ለጠራጊዎቹና ለጥበቃዎቹ ከሽልማቱ ባላቶ ማደል ጀመርክ።

አስተርጓሚው አንዲት ቃል ሳያስቀር ተረጎመላቸው። ፊታቸውን ባየህ! አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል የሚባለው ለካ ለአንተ ነው። በማግስቱ የተያዘውን ገንዘብ በሙሉ ለሕዝቡ መለሱ፤ ውሉን አገዱ። የሚቀጥለው ዙር ቆሟል። ያንን ዙር ተስፋ አድርጎ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስመዘገበ ተጫዋች ሁሉ አንተን እየረገመ ነው፤ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ።

ሰዎቹ ብዙ ነገር ጠይቀውኝ ነበር። የተጫዋቾች ደረጃ በግልጽ ይታወቅ፣ ጠረጴዛው በየከተማው አንድ ዓይነት ይሁን፣ ዳኛው የሠለጠነ፣ ጨዋታው በሰዓቱ የሚጀመር ይሁን አሉ። ሁሉንም አደረግሁ። አንዲቷን ግን ገዝቼ ላመጣት አልችልም። ጠረጴዛው ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት ሰዎች እውነት መሸናነፍ ይፈልጋሉ ወይ? ብለው ጠየቁኝ፤ በሚገባ ይፈልጋሉ ብዬ ማልኩላቸው።

አጣሪ ቡድን ተቋቁሟል፤ ጁላይ ላይ ይቀመጣል። ካልመጣህ የዕድሜ ልክ እገዳ ነው፣ ለአንተም ለዱሎም። መጥተህ «ሁለተኛ አይለምደኝም» ካልክ ምናልባት ያዝኑልህ ይሆናል። ሌላ ሥራ አታውቅም ኔመሲዮ። ዓሣ አጥማጅ እንዳትሆን እንኳ ጀልባ ያስመልስሃል።

ሮዌናን ሳምልኝ። ሰላምታው ለእሷ ብቻ ነው የደረሰው።

ፔርላ


ኢሊጋን፣ ጁን 16

ለተከበሩ ወይዘሮ ፔርላ፣
የአገር አቀፍ የፑል ውድድር ዋና ዳኛ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኝ በአክብሮት ቆሜ አነበብኩት። የገባኝ ያልመሰለዎትም ነገር በሚገባ ገብቶኛል።

እኔ ሌባ አይደለሁም። ሌባ ይደበቃል። እኔ አገር በሚያየው ቴሌቪዥን በማይክራፎን ነው የተናገርኩት። ነፍሷን ይማረውና እናታችን ሳትቀር መቃብሯ ውስጥ ሆና ሰምታኛለች፤ የሚያሳፍር ነገር ቢሆን እሷ በምትሰማው እናገር ነበር?

ለመሆኑ እርስዎ ያደጉት የት ነው? ከእኛው ጋር አይደለም? ከደረቅ ዓሣ ገበያው በላይ ባለው ፑል ቤት፣ ልብስዎ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ? አበልጆች ሲጫወቱ ማን ይወራረድ ነበር? ማንም! ታታ ኢስኮ፣ ያ በሁለት ዝንቦች ሩጫ እንኳ የሚወራረደው ሰካራም፣ እኔና ዱሎ ጠረጴዛ ስንይዝ ገንዘቡን ኪሱ ከትቶ ሩዙን ሊበላ ይወርድ ነበር። እነዚያ የውርርድ ጎበዞች በር ላይ ያለውን ጥበቃ «እነዚህ ሁለቱ ምንና ምን ናቸው?» ብለው ቢጠይቁት ይነግራቸው ነበር። አልጠየቁም። እነሱ ባለመጠየቃቸው እኔ ልገረፍ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

እትዬ፣ እርስዎ ማለቱ ደከመኝ፤ ልተወው።

ጠረጴዛውን አስተካከልሽ፣ መብራቱን አስተካከልሽ፣ በዚያ ወበቅ ሰደርያ አለበስሽን። ሁለተኛ የሚወጣውን ሰው ሆድ ግን ማንም አላሰበውም። አንደኛ ለወጣው ቤት፣ ሁለተኛ ለወጣው የመርከብ መሳፈሪያ። በመጀመሪያው ቀን ለተሸነፈውማ «በሰላም ግባ» የሚለው እንኳ የለም። የመጣበትንና ያደረበትን የሚከፍልለት ያው የሰፈር ቁማርተኛ ነው። ያ ቁማርተኛ በሚቀጥለው ወር «ዛሬ ተሸነፍልኝ» ቢለው በምን አፉ እምቢ ይላል? እኛ እኮ የምንካፈለው እንዳንሸጥ ነው! ይህንን ለአጣሪዎችሽ እንዳለ ንገሪልኝ።

ስለ ዱሎ በሮዌና ስልክ ጠይቀሽ ነበር። ደህና ነው። ትናንት እዚህ ነበሩ። ጥሬ ዓሣውን በኮምጣጤ ዘፍዝፈን ኪኒላው ሠራን፤ ኮምጣጤው በዝቶ ሚስቶቻችን ሳቁብን። ጄኒሊን አድጋለች፣ ከእናቷ በቁመት በልጣለች። አሁንም ስትገባ መጀመሪያ የእኔን እጅ ወስዳ ለምርቃት ግንባሯ ላይ ታደርጋለች፣ ከአባቷም በፊት። ክርስትና ልጅ ማለት እንዲህ ነው።

ሌላ ደግሞ አንድ ወረቀት ከማኒላ መጥቶልኛል። «የመካፈሉን ሐሳብ ያመጣው ዱሎ ነው» ብዬ ከፈረምኩ የእኔ ቅጣት ይቀላል ይላል። የጻፈው ሰው ይብላው! አልፈርምም፣ አልመጣምም። ዱሎን ማሸነፍ ካማረኝ በፈለግሁት ቀን በፑል እንጨቴ አሸንፈዋለሁ እንጂ በወረቀት አይደለም።

ታዛዥዎ፣
ኔመሲዮ


ማኒላ፣ ጁን 21

ኔመሲዮ፣

እርስዎ አልከኝ! መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥዬ ማንቆርቆሪያውን ከግድግዳ ጋር አላተምኩት። አዲስ ማንቆርቆሪያ ትገዛልኛለህ።

ወረቀቱን እኔ አላየሁትም። የድርጅቱ ጠበቃ ነው የላከው። ሄጄ ፊቱ ቆሜ «አበልጅን በአበልጁ ላይ የሚያስፈርም ሰው እናት ወልዳዋለች?» ብዬ ጠየቅሁት፤ አስተርጓሚው ለመተርጎም ፈራ። ያ ወረቀት ቀርቷል። ስለዚህ ላለመምጣትህ ወረቀቱን ሰበብ አታድርግ።

ስለ ሁለተኛው ሰው ሆድ የጻፍከው እውነት ነው። እውነት በመሆኑም ነው ይበልጥ ያበሸቀኝ። አንተ ማይክራፎን ሳትይዝ በፊት ይህንኑ እየለመንኳቸው ነበር፤ ሽልማቱ እስከ ታች ይውረድ፣ ለውድድሩ የመጣ ሁሉ ደመወዝ ይኑረው፣ የጠገበ ተጫዋች አይሸጥም እያልኩ። እሺ ሊሉኝ ምንም አልቀራቸውም ነበር። አሁን «መጀመሪያ ጨዋታው እውነተኛ መሆኑን አሳዩን፣ ገንዘቡ ይከተላል» ይላሉ። እናንተ ደግሞ ገንዘቡ ይቅደም፣ እውነቱ ይከተላል ትላላችሁ። እኔ መሃል ቆሜ ከሁለት ወገን እጠፈጠፋለሁ።

«በፈለግሁት ቀን አሸንፈዋለሁ» ያልካትን ሳነብ ግን ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት። መቼ ነው ያሸነፍከው? አንዱን ዓመት እሱ፣ አንዱን ዓመት አንተ፤ እንደ ጎረቤታሞች ወጥ ስትቀያየሩ ነው የኖራችሁት። አርባ ዓመት ሊሞላህ ነው፤ ጥሩ ተጫዋች መሆንህን ታውቃለህ? አታውቅም። እኔም እህትህ፣ የአገሩ ዋና ዳኛ፣ አላውቅም። ሰዎቹ የሚሉት እኮ ይህንኑ ነው።

ዱሎ ለአጣሪዎቹ በስልክ ቃሉን ሰጥቷል። ስለ ፍጻሜው፣ በመጨረሻ ስለሳታት ስለ ስምንት ቁጥር ኳስ። ምን እንዳለ አልጽፍልህም። የሚበላው አንተ ቤት ነው፣ ራሱን ጠይቀው።

ፔርላ


ኢሊጋን፣ ጁን 26

እትዬ፣

ጠየቅሁት።

ሩዙን እያላመጠ ነበር፣ ሚስቶቻችን ፊት። «ምን አልካቸው?» ስለው ምንም አልደነገጠም።

«እውነቱን ነዋ! ስምንቷን ሆን ብዬ ሳትኳት አልኩ። እሷን ዓይኔን ጨፍኜ አስገባት የለ?»

«ለምን?»

«አበልጄ፣ አንተ ዋንጫ ትወዳለህ፣ እኔ እንቅልፌን እወዳለሁ። ገንዘቡ እንደሆነ ያው ነው።»

«ስንት ጊዜ እንዲህ አድርገሃል?»

«ኧረ ብላ! ዓሣው ይቀዘቅዛል።»

ስንት ጊዜ እንደሆነ አልነገረኝም። ተነስቼ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ዋንጫዎች አየኋቸው። የትኛው የእኔ ነው? የትኛውን ነው ሰው ሲመጣ እያወረድኩ ሳሳይ የኖርኩት? እሱም አብሮ ተቀምጦ «ጎበዝ ነው እኮ አበልጄ!» ይል ነበር።

እኔ የተካፈልኩት ገንዘብ ነው እትዬ። ጨዋታውን ተካፍዬ አላውቅም! ሁልጊዜ ለማሸነፍ ነው የተጫወትኩት፣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ እስኪጣበቅ። ገንዘብ መካፈልና ጨዋታ መካፈል ለየቅል ናቸው ብዬ ነበር ለአንቺ የጻፍኩልሽም፣ የተከራከርኩሽም። እሱ ግን እንደ ሕፃን እያባበለኝ ነው የኖረው። ይህንንም በስልክ ለማላውቃቸው ሰዎች ነገራቸው።

«እሑድ» አልኩት። «ፑል ቤታችን። ምንም አንካፈልም።» ሳቀ። እኔ ሳልስቅ ሲያይ እሱም ተወው። ሮዌና «ኧረ ስለ እመቤታችን!» ብላ ብትነሳ እጇን ገፋሁት።

ፈቃድሽን አልጠየቅሁም። አጣሪ ምናምን ብለሽም እንዳትጽፊልኝ። ክብሪቷን የጫርሽው አንቺ ነሽ።

ኔመሲዮ


ማኒላ፣ ጁን 28

ወንድምዓለም፣

ደብዳቤህ ገና አልደረሰኝም፤ ሮዌና እያለቀሰች በስልክ ነገረችኝ። ይህን ወደዚያ ለሚበር የኢሊጋን ልጅ ሰጥቼዋለሁ፤ ከእሑድ በፊት ይድረስህ።

አትጫወቱ። ስለ እናታችን ብለህ አትጫወቱ። አጣሪዎቹን አንድ በአንድ እየዞርኩ ለምኛቸው ቃል ሰጥተውኛል። ሁለታችሁም አንድ ላይ መጥታችሁ ከፈረማችሁ በማስጠንቀቂያ ያልፋሉ። ሽልማቱንም ወደ ታች እናወርዳለን ብለዋል፤ ትንሽ በትንሽ፣ ግን ያወርዱታል። ከዱሎ ጋር ተሳፍራችሁ ኑ፣ እኔ ወደብ ላይ እጠብቃችኋለሁ፣ ምሳ እጋብዛችኋለሁ።

ዱሎን ጠይቀው ያልኩህን በንዴት ነው የጻፍኩት። አንተን የሚያናድድ ነገር ፈልጌ ፈልጌ እሱን አገኘሁ። ዱሎ እንደሆነ የፈለገውን ይበል፣ የአንተንና የሮዌናን ልጅ ታይፎይድ ሲይዛት በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው።

እትዬህ


ኢሊጋን፣ ጁላይ 3

እትዬ፣

የላክሽው ልጅ መጀመሪያ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ሄዶ ደብዳቤሽን ማክሰኞ አመጣልኝ። እሑድ አልፎ ነበር።

በሮዌና ስልክ ማን አሸነፈ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ። ደስ ይበልሽ።

ሌላ ሰው አሳምሮ ሳይነግርሽ እኔው ልንገርሽ። ፑል ቤቱ እስከ ደረጃው ሞልቶ ነበር። ታታ ኢስኮ ሩዝ ሊበላ አልወረደም፤ ተወራረደ። ሁሉም ተወራረደ፣ ዓሣ ሻጮቹ ሳይቀሩ። እኔና ዱሎ አልተነጋገርንም። እኩል ለእኩል ደርሰን የመጨረሻዋ ጨዋታ ብቻ ቀረች፤ ተራው የእሱ ነበር፣ ኳሶቹም ለእሱ ተመቻችተው ነበር። ጎንበስ ሲል የሸሚዙ እጅጌ አንዷን ኳስ ነካ አደረጋት። ንቅንቅ አላለችም። ከእኔ በቀር ያየ ሰው የለም። እኛ ፑል ቤት ውስጥ እጅጌ ጥፋት ሆኖ አያውቅም፤ የአንቺ ደንብ ላይ ግን ጥፋት ነው። ጮክ ብዬ «ጥፋት!» አልኩ።

ዱሎ ቀና ብሎ አየኝ። ሊክድ ይችል ነበር። «ነክቻታለሁ» አለና እንጨቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ተራው ለእኔ አለፈ። የቀሩትን ኳሶች አንድ በአንድ አስገባኋቸው። ማንም አላጨበጨበም።

በአንቺ ደንብ ነው ያሸነፍኩት። ከሁለታችን ማን እንደሚበልጥ አሁንም አላውቅም፤ ሲነጋም ሲመሽም እሱን ነው የማስበው።

ስወጣ ጄኒሊን በሩ ላይ ቆማ ነበር። እንደ ልማዴ እጄን ዘረጋሁላት። እጆቿን ወደ ጀርባዋ ወሰደቻቸው። በማግስቱ የዱሎ ሚስት ድስታችንን አጥባ ባዶውን ላከችው፤ ያ ድስት ባዶውን ተመልሶ አያውቅም ነበር። ሮዌና ተቀብላ ስታለቅስ ዋለች። እኔን አታናግረኝም።

የማስጠንቀቂያውን ወረቀት ላኪልኝ፣ እፈርማለሁ። ከዱሎ ጋር ግን አንድ መርከብ ላይ አልሳፈርም። ምሳሽንም አልፈልግም።

ኔመሲዮ


ማኒላ፣ ጁላይ 15

ወንድምዓለም፣

ከተመልካቹ አንዱ ጨዋታውን በስልኩ ቀርጾት አገር አይቶታል። የውርርድ ሰዎቹ ራሳቸው ጠሩኝ። አለቃቸው «ጥፋት!» ያልክባትን ቦታ እየመለሰ እየመለሰ ያሳየኛል። «ይኸውልሽ፣ ሰው በዚህ ላይ ገንዘቡን ያስይዛል» አለኝ። እሱ ደስ ብሎታል። እኔ የማየው የዱሎን ፊት ነበር። የያዘውን ብርጭቆ ነጥቄ ወለሉ ላይ ብከሰክስበት ደስ ባለኝ።

እገዳው ቀርቷል። ውሉ ተፈርሟል። ለዓመታት የለመንኩት ሁሉ በአንድ ከሰዓት ሆነልኝ። ለውድድሩ የመጣ ሁሉ ደመወዝ አለው፤ ሽልማቱ ከፍ ብሏል፣ እስከ ታችም ወርዷል። ሁለተኛ የወጣው ሰው ከእንግዲህ ከማንም ጋር መካፈል አያስፈልገውም፣ ሁለተኛም ሆኖ ቤት ይሠራል። ሲረግሙህ የነበሩት ተጫዋቾች ቢሮዬ መጥተው አቀፉኝ፤ አንተንም መረቁህ። እያቀፉኝ ውስጤ በንዴት ይንተከተካል፣ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላወቅሁትም።

በምላሹ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የመክፈቻው ጨዋታ አንተና ዱሎ እንድትሆኑ ይፈልጋሉ። ፎቶግራፋችሁ ፊት ለፊት ተደርጎ፣ ጥርሳችሁን ነክሳችሁ፣ በየአውቶቡሱ ላይ ይለጠፋል።

እንደ ዋና ዳኛ ልጠይቅህ ግድ ነውና ጠይቄሃለሁ። እንደ እህት ከሆነ ግን እምቢ በል። የመክፈቻውን እምቢ ብትል ከውድድሩ አያስወጡህም፤ አንድ ዙር አልፎህ በሌላ ትገባለህ። እስከዚያው ጄኒሊንን ያጠመቋት ቄስ መሃል ይግቡና ከዱሎ ጋር ታረቁ። ድስቱን ራሴ መጥቼ ሞልቼ እወስድላቸዋለሁ።

ዱሎ እሺ ብሏል። «ለኔመሲዮ ንገሪልኝ» ያለኝም ቃል አለ፤ እሱን ግን ብትገድለኝ አልጽፈውም።

እትዬህ ፔርላ


ኢሊጋን፣ ጁላይ 21

እትዬ፣

እመጣለሁ።

ዱሎ ያለውን አትጻፊልኝ። እኔም እዚህ ገበያ መሃል ያንኑ ሳልለው አልቀርም።

«እንደ እህት» ያልሽውን ሮዌና ከእጄ ነጥቃ አንብባ «አየህ!» አለችኝ፤ ከዚያ እሑድ ወዲህ ያናገረችኝ ይህችን ብቻ ነው። አይቻለሁ አልኳት። ግን እትዬ፣ እኔ እስከዛሬ ስጫወት የማሸንፈው ጨዋታውን ነበር፣ ሰውዬውን አልነበረም። አሁን ሰውዬውን ማሸነፍ እፈልጋለሁ። ጠዋት ተነስቼ እሱን፣ ስተኛም እሱን። እንጨቱን ስይዝ እጄ ንቅንቅ አይልም፤ እንዲህ ጥሩ ተጫውቼም አላውቅ። ይህም ራሱ ያንገበግበኛል። ለሰዎችሽ ንገሪያቸው፣ ሲፈልጉት የነበረው ነገር ተገኝቷል፤ በደንብ ይክፈሉበት።

ለሁለተኛው የመደባችሁት ጥሩ ነው። አምጡ ብዬ የጮህኩት እሱን ነበር። አሁን ግን ከሁለታችን የሚፈልገው የለም።

ስለ ቤተሰብ መቀመጫ ሮዌናን ጠይቀሻት እሷ ዝም ብላለች፤ እኔ ልመልስልሽ። ሮዌናንና የዱሎን ሚስት አንድ ረድፍ ላይ እንዳታደርጊያቸው። ጄኒሊን ደግሞ ልምጣ ካለች፣ ማንን ነው የምትደግፊው ብሎ የሚጠይቃት ሰው የሌለበት ቦታ ፈልገሽ አስቀምጫት።

ኔመሲዮ